ቁጥሩ ከወጣ በኋላ፦ ስለ ቨርዥንና ስለ ሪሊዝ ብራንች የላካችሁልን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ከያዙ ትንንሽ ቡድኖች የመጡ ናቸው። ለቨርዥን ምን ቁጥር እንስጥ፣ ሰው እጅ የገባውን ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የወጣ ቨርዥን) እየጠገንን አዲሱን እንዴት እንሥራ የሚሉ ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ አለን። አሁን 1.4.2 ላይ ነው። በዋናው ፈንክሽን ላይ የግድ የሚሞላ ሦስተኛ ፓራሜትር ጨምረናል። አንዱ ባልደረባችን «1.4.3 ይበቃል» ይላል፤ ሌላው 1.5.0 ይላል፤ እኔ ግን 2.0.0 መሆን አለበት ባይ ነኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ቶም ፕሬስተን-ወርነር የጻፈውና ዛሬ አብዛኛው ላይብረሪ የሚከተለው የሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደንብ ጉዳዩን የሚያየው በተጠቃሚው በኩል ነው። ትናንት ይሠራ የነበረ የሌላ ሰው ኮድ ዛሬ ላይብረሪውን ስላሳደገ ብቻ የሚሰበር ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር በአንድ ከፍ ይላል። አዲስ ነገር ተጨምሮ አሮጌው እንዳለ ከቀጠለ ሁለተኛው፣ ስሕተት ብቻ ከታረመ ሦስተኛው። የእናንተን ፈንክሽን በሁለት ፓራሜትር ይጠራ የነበረ ሁሉ ነገ «አንድ ፓራሜትር ጎድሏል» የሚል ስሕተት ይጠብቀዋል። ስለዚህ 2.0.0 ነው።

ግን ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ለአዲሱ ፓራሜትር የቀድሞውን ጠባይ የሚጠብቅ ነባሪ ዋጋ ብትሰጡት የድሮው አጠራር ሳይነካ ይሠራል፤ ቁጥሩም 1.5.0 ይሆናል። የሚቻል በሆነ ቁጥር እንደዚህ እንድታደርጉ እንመክራለን። ሁለተኛው ቁጥር ሲነሣ ሦስተኛው ወደ ዜሮ እንደሚመለስም አትርሱ፤ ከ1.4.2 ቀጥሎ 1.5.0 እንጂ 1.5.2 አይመጣም።

እንደ እናንተ ባለ ላይብረሪ ውስጥ ከዚህ የሚከብደው ሰዎች የተደገፉበትን ባግ (የፕሮግራም ስሕተት) ማረም ነው። ለምሳሌ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ይውላል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ። ፈንክሽናችሁ ስድስተኛዋን ጳጉሜ ረስቶ መስከረም 1ን በ11 ሲያስቀምጥ ቆይቶ ከሆነ፣ አንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ ኮድ ውስጥ አንድ ቀን እየደመረ ችግሩን አልፎታል ማለት ነው። ስታርሙት የእሱ ቀን አንድ ወደፊት ይዘላል። በደንቡ መሠረት ይህ እርማት ነው፤ ሰነዱ ቃል የገባው ትክክለኛውን ቀን ነውና 1.4.3 ይበቃዋል። ነገር ግን በሪሊዙ ማስታወሻ የመጀመሪያ መስመር ላይ የፊቱንና የኋላውን ውጤት በእነዚህ ሁለት ቀኖች አሳዩ። «ልዩ ልዩ ባጎች ታርመዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለዚህ ሰው ምንም አይጠቅመውም።

ጥያቄ፦ እኛ ገና 0.7.3 ላይ ነን። ከዜሮ እስክንወጣ ድረስ እንደፈለግን መቀየር እንችላለን ማለት ነው?

መልስ፦ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ላይብረሪ የሚያወርዱትና የሚጭኑት የፓኬጅ አስተዳዳሪ ፕሮግራሞች ግን የራሳቸው አነባበብ አላቸው። በጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም ^1.2.3 ብሎ የጻፈ ሰው ከ2.0.0 በታች ያለውን ሁሉ ይቀበላል። ^0.7.3 ብሎ የጻፈ ግን የሚቀበለው ከ0.8.0 በታች ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰባሪ ለውጥ 0.7.4 ብላችሁ ካወጣችሁ ተጠቃሚው ሳያውቀው ይገባበታል፤ 0.8.0 ብትሉት ግን ራሱ ፈቅዶ እስኪያሳድግ ድረስ አይደርስበትም። ሶፍትዌሩ በሥራ ላይ ከዋለ 1.0.0 በሉት፤ ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ የክሊኒክ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር የምንሠራ አራት ሰዎች ነን። ተጠቃሚዎቻችን 2.3 ላይ ናቸው፤ ሜይን (አዲሱ ሥራ የሚሠራበት ዋና ብራንች) ላይ ደግሞ 2.4 ተጋምሷል። በ2.3 ላይ ባግ ተገኘና በሪሊዝ ብራንቹ (የወጣው ቨርዥን ለብቻው በሚጠገንበት የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ አርመን 2.3.1ን አወጣን። ከሁለት ወር በኋላ 2.4.0 ሲወጣ ያው ባግ ተመልሶ መጣ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ አቅጣጫው ላይ። እርማቱ የተጻፈው ሪሊዝ ብራንች ላይ ብቻ ነው፤ ሜይን አላየውም። 2.4 የተቆረጠው ደግሞ ከሜይን ነው። «በኋላ ወደ ሜይን እናመጣዋለን» የተባለ እርማት ሰው ሥራ ሲበዛበት ይረሳል፤ የሚያስታውሰውም ተጠቃሚው ነው።

የሊኑክስ ከርነል የቆዩ ቨርዥኖችን የሚጠብቁት እነ ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ይህን በጽሑፍ ደንብ ዘግተውታል፤ አንድ እርማት መጀመሪያ በሊኑስ ቶርቫልድስ ዋና ዛፍ ውስጥ ካልገባ ወደ ስቴብል ብራንች አይገባም። እናንተም ይህንኑ ያዙ። መጀመሪያ ሜይን፣ ከዚያ ወደ ኋላ።

አስቀድማችሁ ግን ሌላ የተረሳ እርማት መኖሩን ፈትሹ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን የጊትን «ጊት ቼሪ» የሚል ትእዛዝ ሜይንን አስቀድማችሁ፣ ሪሊዝ-2.3ን አስከትላችሁ ስጡት። በሪሊዝ ብራንቹ ላይ ያሉትን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ይዘረዝራል፤ ሜይን ላይ አቻ ያለው ኮሚት ፊት የመቀነስ ምልክት (-)፣ የሌለው ፊት የመደመር ምልክት (+) ያደርጋል። የመደመር ምልክት ያለባቸውን አንድ በአንድ እዩ። ትእዛዙ የሚያወዳድረው የለውጡን ይዘት ነው፤ ስለዚህ ወደ ሜይን ሲመጣ ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ገጥሞት መልኩ የተቀየረ እርማት ቢገባም እንኳ በመደመር ይታያል።

ከዚህ በኋላ አሠራራችሁ ይህን ይምሰል። የ2.4 አዳዲስ ነገሮች በሙሉ ሜይን ውስጥ ገብተው ሲያልቁ ሪሊዝ-2.4 የሚባል ብራንች ቁረጡ። ቶሎ አትቁረጡ፤ ብራንቹ ቀድሞ በተቆረጠ ቁጥር እያንዳንዱን ለውጥ ሁለት ቦታ መሥራት ግዴታ ይሆናል። በተቆረጠበት ቀን የቨርዥን ፋይሉን ሁለቱም ጋ ቀይሩ፤ ሪሊዝ ብራንቹ ላይ የ2.4.0 የመጀመሪያ አርሲ (ከመጨረሻው በፊት ለሙከራ የሚወጣ)፣ ሜይን ላይ ደግሞ 2.5.0 ሆኖ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ ይከተለው። ሁለተኛውን ብዙ ቡድን ይረሳዋል። ሲረሳ ከሜይን የተገነባው ፕሮግራም ራሱን 2.4 እያለ ይጠራና የመጣላችሁ የባግ ሪፖርት ከየትኛው ኮድ እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል።

የብራንቹ ስም ከታጉ (በአንድ ኮሚት ላይ የሚለጠፍ የቨርዥን ምልክት) ስም ይለይ። ብራንችም ታግም 2.4.0 ተብለው ከተሰየሙ ጊት «ስሙ አሻሚ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ፑሽ ስታደርጉም የትኛውን እንደፈለጋችሁ ስለማያውቅ ይመልሳችኋል። ብራንቹ ሪሊዝ-2.4፣ ታጉ ቪ2.4.0 ቢሆን ይህ አይመጣም።

ባግ ሲመጣ እርማቱን ከነ ቴስቱ ሜይን ላይ በአንድ ኮሚት ጻፉ። ኮሚቱ ውስጥ ሌላ ነገር አይግባ። የፈንክሽን ስም ማሳመርና ክፍት ቦታ ማስተካከል ለብቻው ኮሚት ይሁን፤ ከርነሉ ወደ ስቴብል የሚገባን ለውጥ ከነ ዙሪያው መስመሮች ከ100 መስመር እንዳይበልጥ የሚወስነው አጭር እርማት ወደ ኋላ ሲሄድ ስለማያስቸግር ነው። ከዚያ ወደ ሪሊዝ ብራንቹ ተሻገሩና ኮሚቱን ቼሪ-ፒክ አድርጉት (እሱን ብቻ ለይታችሁ ቅዱት)፤ በትእዛዙ ላይ የ«ኤክስ» (-x) አማራጭን ጨምሩ። ጊት በመልእክቱ ግርጌ የዋናውን ኮሚት ሃሽ (መለያ ቁጥር) ይጽፍላችኋል። ከዓመት በኋላ «ይህ እርማት ሜይን ላይ አለ ወይ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል።

አሁን የሚበላሸው የት ነው? ኮንፍሊክት ከመጣ ጊት ራሱ ስለሚያቆማችሁ አያሳስብም። የሚያሳስበው ያለ ኮንፍሊክት የገባው ነው። እርማቱ ሜይን ላይ ብቻ የተጨመረ ረዳት ፈንክሽን ይጠራል እንበል፤ ቼሪ-ፒኩ ሰላማዊ ሆኖ ያልፋል፣ 2.3.2 ይወጣል፣ ከዚያ ያ መስመር ሲደርስ ፕሮግራሙ ክሊኒኩ ውስጥ ይወድቃል። ይህን የሚይዘው ቴስት ብቻ ነው። የአውቶማቲክ ቴስታችሁን ማዋቀሪያ አሁኑኑ ክፈቱና እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ሜይን ላይ ብቻ እንዲሆን ተጽፎ ይገኛል። በ«ሪሊዝ-» የሚጀምሩትን ብራንቾች በሙሉ ጨምሩበት።

የእናንተ ሶፍትዌር ዳታቤዝ ስላለው ሌላም አደጋ አለ። ሜይን ላይ ማይግሬሽን (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ መቀየሪያ ፋይል) 0042 ተጽፏል፤ ሪሊዝ ብራንቹ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ለአስቸኳይ እርማት ብሎ ሌላ 0042 ጨመረ። 2.3.2ን የጫነው ክሊኒክ ወደ 2.4 ሲያድግ ሲስተሙ «0042 ተፈጽሟል» ብሎ የሜይኑን ይዘለዋል፣ ወይም ሁለቱ ተጋጭተው ማሳደጉ መሐል ላይ ይቆማል። የታካሚ መዝገብ ላይ ይህ መድረስ የለበትም። ደንቡ ግልጽ ይሁን፤ በሪሊዝ ብራንች ላይ የሠንጠረዥ ለውጥ አይገባም። ያለ ሠንጠረዥ ለውጥ የማይታረም ባግ ከሆነ ቦታው ቀጣዩ ሁለተኛ ቁጥር ነው።

ሜይንን በሙሉ ወደ ሪሊዝ ብራንች አንድም ጊዜ መርጅ አታድርጉ (አታዋህዱ)። አንድ እርማት ለማምጣት ብላችሁ የተጋመሰውን 2.4 በሙሉ ወደ 2.3 ታስገባላችሁ።

ስንት ብራንች እንያዝ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን 5 ዓመት እርማት ይሰጣል፤ በየዓመቱ አንድ ዋና ቨርዥን ስለሚያወጣ አምስት ያህል ብራንች ጎን ለጎን ይጠግናል፤ እርማቶቹም በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር በተወሰነ ቀጠሮ ይወጣሉ። አራት ሰው ይህን አይችለውም። የአሁኑና ከእሱ በፊት ያለው አንድ፣ በአጠቃላይ ሁለት ያዙ፤ የአሮጌው እርማት የሚቆምበትን ቀን ሪሊዙ በሚወጣበት ዕለት ጽፋችሁ አስታውቁ።

ጥያቄ፦ 1.2.0ን አውጥተን በግማሽ ቀን ውስጥ አንድ ፋይል መቅረቱን አየን። ታጉን ሰርዘን በዚያው ስም እንደገና ሠራነው። አሁን አንዳንድ ሰዎች «ፋይሉ ከተመዘገበው ጋር አይመሳሰልም» የሚል ስሕተት መጣብን ይላሉ። እንዴት እናስተካክለው?

መልስ፦ አዲስ ቁጥር በማውጣት፤ 1.2.1። የወጣን ታግ ማንቀሳቀስ ለደንበኛ የተሰጠን ደረሰኝ ቁጥሩን ይዞ በቀሪው ላይ ሌላ ዋጋ እንደመጻፍ ነው። ሁለት ሰዎች «1.2.0 አለኝ» ይላሉ፣ በእጃቸው ያለው ግን ሁለት የተለያየ ኮድ ነው።

ቀድሞ ያወረደ ሰው የእናንተን አዲስ ታግ አያገኘውም። ከቨርዥን 2.20 ጀምሮ ጊት በፌች (አዲስ ለውጥ ከሰርቨር በሚያወርድበት) ጊዜ የነበረን ታግ አስገድዱ ካልተባለ በቀር አይተካም፤ «ያለውን ታግ ያጠፋብዎታል» ብሎ ይተወዋል። በጎ ቋንቋ ደግሞ የመጀመሪያው አውራጅ ያየው የቼክሰም (የፋይሉን ይዘት የሚለይ) ቁጥር በሕዝብ መዝገብ ላይ ስለሚቀመጥ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ስሕተት ይደርሰዋል። የደረሳችሁ ቅሬታ ይህንን ይመስላል። ኤንፒኤምም የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ የሆነው ፓይፒአይም አንድ ጊዜ የዋለን ቁጥር ወይም የፋይል ስም ብትሰርዙት እንኳ ዳግም አይቀበሉም። ይህ ጥብቅነት ተጠቃሚውን ለመጠበቅ የተደረገ ነው፤ ታግ እንደልብ የሚንቀሳቀስ ቢሆን በወጣ ቁጥር ሥር ተንኮለኛ ኮድ የሚያስገባ ሰው አይታወቅም ነበር።

ስለዚህ ታጉን ለሦስተኛ ጊዜ አትንኩት። 1.2.1ን አውጡ፤ በማስታወሻው ላይ የ1.2.0 ታግ መንቀሳቀሱን ከነ ሁለቱ የኮሚት ሃሾች ጻፉ። ከዚያ 1.2.0ን ከመደበኛ ምርጫ አስወጡት። ፓይፒአይ ላይ «ያንክ» ይባላል፤ የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው ፒፕ ያንን ቁጥር በትክክል ለይቶ ከጠቀሰ ሰው በቀር ለማንም አይመርጠውም። ኤንፒኤም ላይ «ዴፕሪኬት»፣ በጎ ደግሞ ከ1.16 ጀምሮ በሞጁል ፋይሉ የሚጻፍ «ሪትራክት» አለ። ለወደፊቱ ታግ ከመግፋታችሁ በፊት ፓኬጁን ገንብታችሁ ባዶ ፎልደር ውስጥ ጫኑትና አስነሡት። የቀረ ፋይል የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከ1.9 በኋላ 1.10 ስናወጣ የማሳደጊያ ስክሪፕታችን «አዲስ ነገር የለም» ማለት ጀመረ። ወደ 2.0 ብንዘል ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም፤ ስክሪፕቱን አርሙት። ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ እያወዳደረ ነው። በጽሑፍ አቆጣጠር ከነጥቡ በኋላ 1 ከ9 ስለሚቀድም 1.10 ከ1.9 ያንሳል። በነጥቡ ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ክፍል ወደ ቁጥር ቀይሩና በየተራ አወዳድሩ፤ ወይም ለዚህ የተሠራ ላይብረሪ ተጠቀሙ።

ፓይተን ራሱ በ2021 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 3.10 ሲወጣ ይህ ጉድ በብዙ ቦታ ታይቷል። የቨርዥኑን ጽሑፍ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ቆርጠው የሚያነቡ ፕሮግራሞች 3.1 ብለው አነበቡት። ያምል በሚባለው የማዋቀሪያ ፋይል አጻጻፍ ያለ ትእምርተ ጥቅስ 3.10 የጻፉም እንደዚያው፤ ያምል እንደ አስርዮሽ ቁጥር ወስዶ የመጨረሻዋን ዜሮ ይጥላታል። በማዋቀሪያ ፋይል ላይ ቨርዥን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ።

በቁጥር ያወዳደረም የሚሰናከልበት አለ። የሊኑክስ ከርነል ቨርዥኑን ወደ አንድ ቁጥር ሲያሽገው ለመጨረሻው ክፍል የሰጠው 8 ቢት፣ ማለትም እስከ 255 ብቻ ነበር። 4.9.255 ሲታሸግ 264703 ይሆናል። 4.9.256 ደግሞ 264704፤ ይህ ግን የ4.10.0 ቁጥር ነው። በፌብሩዋሪ 2021 የ4.4 እና የ4.9 ብራንቾች እዚያ ሲደርሱ ጠባቂዎቹ በታሸገው ቁጥር ውስጥ የመጨረሻው ክፍል ከ255 እንዳያልፍ አድርገው ገደቡት። ቨርዥን የምታሽግ ፈንክሽን ካለቻችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ቦታ እንደሰጠች ዛሬ እዩ።

ጥያቄ፦ ሪሊዛችን በዓመት አንዴ በመስከረም ነው። እስካሁን 2023.1 እና 2024.1 ብለን አውጥተናል። ከዚህ በኋላ በኢትዮጵያ ዓመት 2018.1 ብንለውስ?

መልስ፦ ከመጀመሪያው በኢትዮጵያ ዓመት ብትጀምሩ ኖሮ ምንም አልነበረበትም። ወርም ብትጨምሩ ጳጉሜ 13 ሆና ከ12 በኋላ በቦታዋ ትደረደራለች። አሁን ግን 2018 ከ2024 ስለሚያንስ ፒፕም የዴቢያኑ አፕትም አዲሱን ሪሊዝ አሮጌ ብለው ያልፉታል፤ 2024.1ን የጫነ ሰው ማሳደጊያ መውጣቱን አያውቅም። ፓይተን 1!2018.1፣ ዴቢያን 1:2018.1 ተብሎ የሚጻፍ «ኢፖክ» አላቸው፤ ከሁሉ በፊት የሚነበብ ቁጥር ነው። አንዴ ከተጻፈ ግን ለዘላለም አብሮ ይኖራል፤ ኤንፒኤም ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። ከአገር ውጭ ያለ ተጠቃሚም 2018.1 ሲያይ ፕሮጀክቱ ለዓመታት የተተወ ይመስለዋል። ቁጥሩን በያዛችሁት አቆጣጠር ቀጥሉና በሪሊዙ ርእስ ላይ «የ2018 ዓ.ም. መስከረም» ብላችሁ ጻፉ።

ወር በቁጥሩ ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ ቀኑ ሲገፋ ቁጥሩም ይገፋ። ኡቡንቱ በኤፕሪል 2006 ሊወጣ የታሰበው ሪሊዝ ወደ ጁን ሲተላለፍ ስሙ 6.06 ሆኖ ነው የወጣው። በኡቡንቱ ዓይነት 24.04 ብሎ በዜሮ የሚጀምር ክፍል በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደንብ አይፈቀድም፤ ኤንፒኤም አይቀበለውም፤ 24.4.0 በሉት።

ጥያቄ፦ አርሲ ስናወጣ ስሙን እንዴት እንጻፈው? አርሲውን የሞከሩ ሰዎች የመጨረሻው ሲወጣ አልደረሳቸውም።

መልስ፦ የዴቢያን ፓኬጅ ከሆነ ምክንያቱ ይታወቃል። 2.4.0 ላይ በቀጥታ ወይም በሰረዝ አርሲ1 ብትቀጥሉ ዴቢያን ከመጨረሻው 2.4.0 የበለጠ አድርጎ ያየዋል። በሰረዝ ፋንታ የሞገድ ምልክት (~) አድርጉ፤ እሱ ያለበት ከሌለበት በፊት ይደረደራል። በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ግን ሰረዙ ትክክል ነው፤ እዚያ ጥንቃቄው በ«ቤታ» እና በቁጥሩ መካከል ነጥብ ማስገባት ላይ ነው። ያለ ነጥብ ቤታ11 እንደ ጽሑፍ ስለሚነበብ ከቤታ2 በፊት ይመጣል፤ ቤታ.11 ግን ከቤታ.2 በኋላ በቦታው ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ከ5.19 ወደ 6.0 ሲያልፍ ምን ትልቅ ነገር ተቀየረ?

መልስ፦ ቁጥሩን ያስነሣው የተለየ ነገር የለም። ቶርቫልድስ ሁለተኛው ቁጥር ሲበዛበት የመጀመሪያውን ያነሣል፤ በ2011 ከ2.6.39 ወደ 3.0 ሲያልፍም እንዲሁ ነበር። ያኔ «2.6» የሚል ካላዩ የማይነሡ ፕሮግራሞች ስለነበሩ 3.0ን 2.6.40 ብሎ የሚያሳያቸው ማለፊያ ከርነሉ ውስጥ ተጨምሯል። ፕሮግራማችሁ አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ ከፈለገ ራሱን ነገሩን ይሞክር እንጂ ከከርነሉ ቁጥር አይገምት።